ፍሪጅ በሌለበት ኪራይ ቤት ብቻውን ኢንሱሊን ለሚወጋ ተማሪ፦ ሲሪንጅ፣ ፔን ወይስ ፓምፕ?

እኅቱ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወላጆቻችን የሚኖሩት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ እስካሁን ኢንሱሊኑን ጠዋትና ማታ ስትወጋው የኖረችው እናታችን ናት። በመጪው መስከረም ግን 9ኛ ክፍል ስለሚገባ፣ እንደ አካባቢያችን ልጆች ሁሉ ወደ ወረዳው ከተማ ሄዶ፣ ከሁለት የመንደራችን ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን በየሳምንቱ ከቤት እያመጣ ሊማር ነው። ክፍሏ መብራት አላት፤ ፍሪጅ የላትም። ከዚያ በኋላ መርፌውን የሚይዘው ራሱ ብቻ ነው።

የሚወስደው ከሁለት ብልቃጥ ነው። ጠዋት ከደፍራሹ (ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ከሚሠራው) 16 ዩኒት፣ ከጥሩው (ከጠራውና ፈጥኖ ከሚሠራው) 6 ዩኒት፣ ማታ ደግሞ 8 እና 4 ዩኒት በአንድ ሲሪንጅ እየተቀዳ ይወጋል። ያስጨነቀኝ ነገር መጠኑ ሳይለወጥ፣ ምግቡም ያው እንጀራና ሽሮ ሆኖ ሳለ፣ ስኳሩ አንድ ቀን ከ300 በላይ፣ በሌላው ቀን ከ60 በታች መሆኑ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ሁለት ጊዜ ሌሊት ላይ ላብ አጠመቀው፤ ሰውነቱም ተንቀጠቀጠ። እናታችን ማር በጥብጣ አጠጥታ ነው የመለሰችው።

አሜሪካ የሚኖረው አጎታችን ይህን ሲሰማ፣ ሲሪንጅ የቀረ ነገር ነው፣ ፔን (እስክሪብቶ የሚመስል የኢንሱሊን መውጊያ) እልክላችኋለሁ፣ ከተቻለም ፓምፕ (ኢንሱሊኑን በቱቦ እያንጠባጠበ የሚሰጥ መሣሪያ) እፈልግለታለሁ አለን። እናቴ በበኩሏ መድኃኒቱ ያለ ፍሪጅ እየተበላሸ ነው ብላ ታምናለች፤ አባቴ ደግሞ ትምህርት ሳይጀመር ጠበል ሊያስጠምቀው ያስባል። የምታውቁ ሁሉ እንድትነግሩኝ የምለምነው ይህን ነው። ፔን ወይም ፓምፕ ይህን የስኳር መዋዠቅ ያስተካክልለታል? ፍሪጅ በሌለበት ክፍል ኢንሱሊኑን በምን እናቆየው? በመርፌ ሳይሆን በአፍ ወይም በመተንፈስ የሚወሰድ ተገኝቷል የሚባለውስ እውነት ነው?

ሲስተር ከፍኖተ ሰላም

እኅቴ፣ በስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስለ ፔን ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር እንድታዪ እለምንሻለሁ። ወንድምሽ ጭኑንና ሆዱን ገልጦ ይቀመጥ፤ አንቺም እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ መርፌ የሚገባበትን ቦታ በጣቶችሽ ጫፍ በዝግታ ዳስሺው። ከቆዳው ሥር ድቡልቡል ሊጥ የመሰለ ወይም ጠንከር ያለ እብጠት ካገኘሽ፣ የመዋዠቁ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲወጋ በሥሩ ያለውን ስብ ያሳድገዋል። እንዲህ ያበጠ ቦታ ሲወጉት ሕመሙ ስለሚቀንስ ልጆች እዚያው ውጉኝ ይላሉ፤ እናትም አንጀቷ አይችልምና እዚያው ትወጋለች። ከእብጠቱ ውስጥ ግን መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው በሥርዓት አይደለም። አንድ ቀን እዚያው ታግዶ ይቆይና ስኳሩ ይሰቀላል፤ በሌላ ቀን መርፌው ከእብጠቱ ጥቂት ወጣ ብሎ ጤነኛው ስብ ላይ ሲያርፍ፣ ያው መጠን በሙሉ ኃይሉ ይሠራና ልጁን ይጥለዋል። የገለጽሽው ሁኔታ ለእኔ ይህንኑ ይመስለኛል። እብጠት ላይ እስከተወጋ ድረስ ሲሪንጅም ሆነ ፔን ውጤቱን አይለውጠውም።

እብጠት ካገኛችሁ ግን በዚያው ዕለት ሙሉውን መጠን ይዛችሁ ወደ ጤነኛ ቦታ እንዳትዛወሩ። ጤነኛው ቦታ መድኃኒቱን በደንብ ስለሚያስገባው፣ እስካሁን ይወስደው የነበረው መጠን ሊበዛበት ይችላል። መጀመሪያ ሐኪሙ ይየው፤ ስንት ይቀነስ የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው።

መወጊያ ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ሆድ (ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ርቆ)፣ የጭን የፊትና የውጭ ጎን፣ የክንድ የላይኛው የኋላ ክፍል፣ መቀመጫ። እያንዳንዱን ቦታ በሐሳብ አራት ከፍሎ አንዱን ሩብ ለአንድ ሳምንት መጠቀም፣ በዚያው ሩብ ውስጥም በየቀኑ አንድ ጣት ያህል እየራቁ መውጋት ይገባል። ከሆድ ፈጥኖ ይገባል፣ ከጭን ይዘገያል፤ ስለዚህ ጠዋት ሆድ ከሆነ ሁልጊዜ ጠዋት ሆድ፣ ማታ ጭን ከሆነ ሁልጊዜ ማታ ጭን ቢሆን ይመረጣል። ለእናንተ ልጅ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው ዓርብ ነው። ስንቅ ሊያመጣ አቀበቱን በእግሩ የሚወጣ ከሆነ፣ ጠዋት ጭኑ ላይ የተወጋው ኢንሱሊን ከሚሠራው እግር በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ መንገዱ ራሱም ስኳር ይበላል። በዚያ ቀን ጭኑ ላይ አይወጋ፤ ከመነሣቱ በፊት ይብላ፣ ኪሱም ስኳር ይኑረው።

አቀዳዱንም ከአሁኑ ራሱ ይለማመደው፤ እናንተ ቆማችሁ እዩት። ደፍራሹ ብልቃጥ አይናጥም፤ ወተት እስኪመስል ድረስ በሁለት መዳፍ መካከል ወደ 20 ጊዜ ያህል ይንከባለላል። ከዚያም 16 ዩኒት አየር ወደ ደፍራሹ ይገባና መርፌው ፈሳሹን ሳይነካ ይወጣል፤ 6 ዩኒት አየር ወደ ጥሩው ይገባና ጥሩው 6 ይቀዳል፤ በመጨረሻም መርፌው ወደ ደፍራሹ ተመልሶ እስከ 22 ይሞላል። ሁልጊዜ ጥሩው የሚቀድመው፣ ከደፍራሹ ጠብታ ወደ ጥሩው ብልቃጥ ከገባች የጥሩውን ፈጣንነት ስለምትቀንስበት ነው። ደፍራሹ ከልክ ካለፈ ወደ ብልቃጡ መልሶ መግፋት አይቻልም፤ ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ሁለቱም ተቀላቅሏልና ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ይህ ሁሉ ምግቡ ከመቅረቡ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ያልቃል፤ ጥሩው ሥራውን የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነውና።

ፔንን በተመለከተ፣ ጥቅሙን አልክድም። ቁጥሩ በመደወያ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ዩኒት ቀጭ ሲል ይሰማል፣ መብራት ለጠፋባት ክፍልና ለደከመ ዓይን የሲሪንጅን ቀጭን መስመር ከመቁጠር ይሻላል። በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይወጋል፤ ለቀጭን ልጅም ጡንቻ ውስጥ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ነገር ግን ጥሩውንና ደፍራሹን በአንድ ፔን ማደባለቅ አይቻልም፤ ሁለት ፔን ይዞ በየጊዜው ሁለቴ መወጋት፣ አለዚያም 30 በመቶው ጥሩ፣ 70 በመቶው ደፍራሽ ሆኖ ወደተዘጋጀው ድብልቅ መዛወር ይኖርበታል። ድብልቁ ለብቻው ለሚኖር ልጅ ይቀላል፤ ግን አንዱን ጨምሮ ሌላውን መቀነስ አያስችልም። ደፍራሹ በፔን ውስጥም ቢሆን መንከባለልና መገለባበጥ አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት 2 ዩኒት ወደ አየር ተለቆ ጠብታ መታየት አለበት፣ ቁልፉ ከተጫነም በኋላ መርፌው ሳይወጣ እስከ 10 ይቆጠራል።

በአፍ ስለሚዋጠው፣ ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ እንደ ሥጋና እንደ ሽሮ ይፈጫል እንጂ ኢንሱሊን ሆኖ ወደ ደም አይደርስም። በመተንፈስ የሚወሰድ ዱቄት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአዋቂዎች ተፈቅዷል፤ እሱም የምግብ ሰዓቱን መርፌ ብቻ ይተካል እንጂ ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን መርፌ አያስቀርም። ለወንድምሽ መልስ አይሆነውም።

አባታችሁን በአክብሮት ንገሪልኝ። ጠበል ይጠመቅ፣ እኔም አምናለሁ፤ ኢንሱሊኑን ግን ይዞ ይሂድ፣ አንድ ቀንም አያቋርጥ። ዓይነት 1 ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ሲያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን፣ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ያስታውከዋል፣ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ራሱን ይስታል። ከጠበል ቦታ በአልጋ የመጡልኝን ልጆች መቁጠር አልፈልግም።

መምህር ከሞጣ

ልጄ፣ እኔ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንሱሊን የምወጋ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ሲስተር የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

የኢንሱሊን ብልቃጥ ላይ 100 የሚል ቁጥር አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለ ማለት ነው። ሲሪንጁም ለ100 የተሠራ መሆን አለበት፤ ክዳኑ ብዙውን ጊዜ ብርቱካንማ ነው። በአንዳንድ አገሮች ግን 40 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሆነ ኢንሱሊን ስላለ፣ ለእሱ የሚሠራ ቀይ ክዳን ያለው ሲሪንጅ አለ። ከዓመታት በፊት የለመድኩት ሲሪንጅ ጠፍቶ ከአንድ መደብር ያገኘሁትን ገዛሁ፤ ክዳኑ ቀይ መሆኑን አላስተዋልኩም። እንደ ወትሮው እስከ 16 መስመር ቀዳሁና ተወጋሁ። በ40 ሲሪንጅ 16 መስመር ማለት 0.4 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ100 ኢንሱሊን 0.4 ሚሊ ሊትር ደግሞ 40 ዩኒት ነው። ሁለት እጥፍ ተኩል ወስጃለሁ ማለት ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔ እንደያዝኩ ወደቅሁ፤ ሕይወቴን ያተረፉት ምን መደረግ እንዳለበት ቀድሜ ያስተማርኳቸው ተማሪዎቼ ናቸው። ወንድምሽ ሲሪንጅ በገዛ ቁጥር የብልቃጡንና የሲሪንጁን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጎ ያንብብ፤ ቁጥሮቹ ካልተመሳሰሉ አይጠቀምበት፤ በግምት አስልቶም አይውጋ።

ስለዚህም አብረውት የሚከራዩትን ሁለት ልጆች ሳታስተምሩ አትላኩት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ ያልተያያዘ ንግግር ካዩ ሳይጠይቁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙ፣ ከዚያም እንጀራ ወይም ዳቦ ያብሉት። የጎጃም ማርም ያው ሥራ ይሠራል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመር፤ ትን ብሎት ሊሞት ይችላልና በጎኑ አስተኝተው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ሲሪንጅ የቀረ ነገር ነው የሚለው አነጋገር ግን ትንሽ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የወሰደው ልጅ እንደ ወንድምሽ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ያ የመጀመሪያ ቅምር ንጹሕ ስላልነበረ እምብዛም አልረዳውም፤ የተወጋበትም ቦታ አመረቀዘ። ከ12 ቀን በኋላ የተጣራው ሲሰጠው ነው ስኳሩ የወረደው፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖሯል። መሣሪያው የመስታወት ሲሪንጅና ወፍራም መርፌ ነበር። በፊትና በኋላ የተለወጠው የመድኃኒቱ ንጽሕና ነው፤ እኔም በክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ እንዲያስተውሉት የምፈልገው እሱን ነው።

ሲሪንጅ በየጊዜው አዲስ ቢሆን ይመረጣል። የማይገኝበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ደጋግሞ ለመጠቀም የተገደደ ሰው ለራሱ ብቻ ይጠቀምበት፣ ከማንም ጋር አይጋራ፣ መርፌውን በአልኮል አይጥረግ፤ አልኮሉ እንዲያንሸራትት የተቀባውን ያነሣዋልና ይበልጥ ያማል። ያገለገለውን በባዶ የዘይት ጀሪካን አጠራቅሞ ለጤና ጣቢያ ያስረክብ።

የመድኃኒት ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ስለ አቀማመጡ እኔ ልመልስ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ግን ቤት ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል መቆየት ይችላል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት ወስደው፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሁኔታ ውስጥ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ሲቀመጥ ኃይሉን እንደማያጣ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። የጎጃም ደጋ ከዚያ በእጅጉ ይቀዘቅዛል። እናታችሁ ከእንስራው አጠገብ ያስቀመጠችው መድኃኒት በሙቀት ብቻ ተበላሽቷል ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል።

ይልቅስ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። ወንድምሽ ከጥሩው በቀን 10 ዩኒት ብቻ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ አንዱ ብልቃጥ 100 ቀን ይቆየዋል። ደፍራሹን በቀን 24 ስለሚወስድ 41 ቀን ያህል ይሄድለታል። ሁለቱም ከአራት ሳምንት ያልፋሉ፤ ጥሩው ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ያልፋል። ብልቃጡ ላይ የተከፈተበትን ቀን ጽፋችኋል? ብዙ ቤተሰብ እስኪያልቅ ድረስ ይጠቀማል፤ መድኃኒት መጣል ስለሚከብድ እረዳዋለሁ። ግን ጥሩው ትንሽ እንኳ ከደፈረሰ፣ ደፍራሹ ተንከባልሎም ቅንጣት ወይም በብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከታየበት፣ ቀኑ ባይደርስም ይጣላል። ፔን ለእናንተ በእርግጥ የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው። የፔኑ ካርትሪጅ (መድኃኒቱን የሚይዘው ተቀያሪ ትንሽ ብልቃጥ) 3 ሚሊ ሊትር፣ 300 ዩኒት ስለሚይዝ፣ ጥሩው በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል፤ የሚባክነውም የሚያረጀውም ያንሳል።

ለኪራይ ክፍሉ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ግዙ፤ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ገብቶ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፣ አሸዋው በየቀኑ ይረጥባል፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ይህ በበጋ ደረቅ አየር ጥሩ ይሠራል፤ በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ብዙም አይሠራም፣ ያኔ ደግሞ አያስፈልግም። ብልቃጡ ውኃ በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን። ክፍሉ ጣራው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ከመደርደሪያ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ፣ ከመስኮት ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ። መጠባበቂያውን ብልቃጥ ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ እንዲያስቀምጡለት ጠይቁ። ማንም ግን ለጥንቃቄ ብሎ በረዶ ቤት ውስጥ እንዳያስገባው፤ የቀዘቀዘ ኢንሱሊን አይሞትም፣ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ግን ሞቷል፣ ቢቀልጥም አይመለስም።

አጎታችሁን በተመለከተ ሁለት ነገር አስጠንቅቂው። አንደኛ፣ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ያለው ሌላ ዓይነት ኢንሱሊን ነው፤ እንደ ግላርጂን ያሉት ለረጅም ሰዓት የሚሠሩት ከጥሩው ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይደባለቁም፣ በደፍራሹም ቁጥር በቀጥታ አይተኩም። አንዳንዶቹ ፔኖች በሚሊ ሊትር 200 ወይም 300 ዩኒት የያዙ ናቸው፤ ከእነዚያ በሲሪንጅ መቅዳት መምህር የነገሩንን አደጋ ይደግማል። ሁለተኛ፣ የአንዱ ኩባንያ ካርትሪጅ በሌላው ኩባንያ ፔን አይገጥምም። ፔኑ ተልኮ ካርትሪጁ በአካባቢያችሁ ከሌለ ባዶ እጀታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመንግሥት ጤና ተቋማት የፔን አቅርቦት ተስተጓጉሎ ብዙ ሕሙማን ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ እንዲመለሱ ተደርገዋል፤ ስለዚህ ፔን የሚጀምር ልጅም ሲሪንጁን ሊረሳ አይገባም። ዕቃው በሰው እጅ ከመጣ በአውሮፕላኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጣም ዓባይ በረሃ ላይ ከሾፌሩ ፊት መስታወት ሥር አይቀመጥ።

የሞጣ ልጅ ከስቶክሆልም

እኅቴ፣ ልጄ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ፓምፕ ይጠቀማል፤ እጅግ ረድቶናል። ስለዚህ የምጽፈው ፓምፕን ለመንቀፍ እንዳልሆነ እወቂልኝ።

ፓምፑ የሚይዘው ፈጣኑን ኢንሱሊን ብቻ ነው፤ በቀጭን ቱቦ በኩል ቀንና ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥበዋል። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ረጅም ኢንሱሊን የለም ማለት ነው። ቱቦው ከታጠፈ፣ ከተነቀለ ወይም ባትሪው ካለቀ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳሩ ይወጣና አሲዱ ይጀምራል። በእኛ ቤት ይህ ሁለት ጊዜ ደርሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ያዳነን በመሳቢያ ያስቀመጥነው ፔንና ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሆስፒታል ነው። ቆዳው ላይ የሚለጠፈው ቱቦ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይለወጣል፤ ስኳሩን የሚያነበው ሴንሰር እንደ ዓይነቱ በየ10 ወይም በየ14 ቀኑ ይቀየራል። እዚህ ይህን ሁሉ የሚሸፍነው መንግሥት ነው። አጎታችሁ ፓምፑን አንድ ጊዜ ሊገዛው ይችላል፤ ቱቦውን በየሦስት ቀኑ ለዓመታት መላክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ጥቅል ጉምሩክ ላይ ቢዘገይ ልጁ ላይ የሚደርሰውን አስቢው።

አጎታችሁ መርዳት ከፈለገ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ይላክ። ልጁ ያለው መለኪያ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቂና ለእሱ የሚሆነውን፣ ጊዜው ያላለፈበትን ይላክ። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚለካ ልጅ በሲሪንጅም ቢሆን በሳምንት አንዴ ከሚለካ ባለ ፔን ይሻላል። ይህን የምለው ፓምፑ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ካየሁት ነው።

እኅቱ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ሲስተር፣ ጋሼ መምህር፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ወደ ቤት ወጣሁና የታዘዝኩትን አደረግሁ። በሁለቱም ጭኖቹ ላይ፣ እናቴ ዘወትር በምትወጋበት ቦታ፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ለሁለት ዓመት አንድም ቀን ሆዱ ላይ ወግታው አታውቅም፤ ሆድ ላይ መውጋት አንጀቱን የሚነካ መስሏት ነበር። እብጠቱን ስታይ አለቀሰች። እኔም ለሁለት ዓመት በየበዓሉ ቤት ስገባ ጭኑን አንዴ እንኳ አለመዳሰሴ ቆጨኝ።

የጥሩው ብልቃጥም የተከፈተው በፋሲካ ሰሞን መሆኑን እናቴ አስታወሰች፤ አሁን ሰኔ ነው። ሰኞ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ አዲስ ብልቃጥ አዘዘ፣ ጠዋት ሆዱ ላይ፣ ማታ ክንዱ ላይ እንዲወጋ፣ ጭኑ ግን ለጊዜው እንዲያርፍ ነገረን፤ መጠኑንም ቀነሰለት፤ ደፍራሹ ጠዋት ከ16 ወደ 13፣ ማታ ከ8 ወደ 6፣ ጥሩውም በልኩ። ክረምቱን ሙሉ ራሱ ይወጋል፣ እናቴ ደግሞ ቆማ ታያለች። ፔን ለጥሩው ብቻ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ሐኪሙ አልተቃወመም፤ ካርትሪጁ በየወሩ እንደሚገኝ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት እስክናረጋግጥ ግን እንድንቆይ መከረን። አጎታችን ስትሪፕ ሊልክ ተስማምቷል። አባቴም ጠበሉን አልተወም፤ ብልቃጡንና ሲሪንጁን በአገልግል አድርጎ እርሱ ራሱ ሊይዝለት ነው።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እብጠቱ ይጠፋል? ደግሞስ አሁን በቀነሰው መጠን ስኳሩ ቢወጣ ወዲያው መጨመር አለብን?

ሲስተር ከፍኖተ ሰላም

እናትሽን እንዳታለቅስ ንገሪልኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መርፌ ሳታስቀር በሕይወት ያቆየችው እርሷ ናት፤ ስለ እብጠቱ የነገራት ሰው አልነበረም።

እብጠቱ መርፌ ካልነካው በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ዓመት ይፈጃል። ልጁ እዚያ ስለማያመው ሊመለስበት ይፈልጋልና፣ የተከለከለውን ቦታ በእስክሪብቶ ክበቡለት። በየወሩ ስትመጪ ደግሞ አዲሶቹንም ቦታዎች ዳስሺ።

መጠኑን ወዲያው አትጨምሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስኳሩ 200 ቢደርስ አትደንግጡ፤ የምንፈራው መውረዱን ነው። ማታ የተወጋው ደፍራሽ ኃይሉ የሚበረታው ሌሊት ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት ከመኝታ በፊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እና ጠዋት ከምግብ በፊት ይለካ፤ ቁጥሩን ከነሰዓቱና ከተወጋበት ቦታ ጋር ደብተር ላይ ጻፉት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ70 በታች ካገኛችሁ ስኳሩን በጥብጣችሁ አጠጡት፣ ትንሽ ምግብ አብሉት፣ በማግስቱም ለሐኪሙ ደውሉ። ሳይወርድ ሰባቱም ቀን ጠዋት ጠዋት ከ250 በላይ ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከ250 በላይ ሆኖ ካስታወከው ወይም ሆዱን ካመመው ግን ሳምንቱን አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት።